የዋርሳዬ ቀዝቃዛ ውሃ

ጎረቤቴ ሽማግሌው የሙክታቸውን ራስ በመጥረቢያ ሲፈልጡት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እኛ አገር በግ ቢዞርበት ማንም አይደነግጥም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ ባለበት ሲሽከረከር፣ ከዚያም ሲንገዳገድና ሲተኛ ካየነው አዙሪት ያዘው እንላለን፤ አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አብጦበታል ማለት ነው። እሱን የሚያድን መድኃኒት አላየንም። ሥጋው ሳይከሳ ቶሎ ይታረዳል፣ ራሱ ይፈለጣል፣ ከረጢቱ ይታያል፣ ከዚያ ውሻ እንዳያገኘው ተቆፍሮ ይቀበራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው።

ሽማግሌው የተፈለጠውን ለያይተው በጣታቸው ፈተሹ። ደግመው ፈተሹ።

"ውሃው የታለ?" አሉ።

"ትንሽ ሆኖ ይሆናላ፤ ደኅና አርገው ይዩት" አለች ሚስታቸው።

"ዓይኔ አልጠፋ። ይሄ የደኅና በግ አንጎል ነው። እኔ ዛሬ ደኅና በግ አረድኩ።"

"ለሰው እንዳይናገሩ እንግዲህ። የዞረበትስ በጉ አይደለም ይልዎታል።"

እሳቸው አልሳቁም። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጨጓራውን ልታራግፍ ቀደደችው። ገና ያልላመ አረንጓዴ ቅጠል ዝርግፍ አለ፣ ሽታውም አብሮ ወጣ። የጽድ ሙጫ የሚመስል፣ ግን ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። እኔ አወቅሁት። ከኅዳር ጀምሮ ከሟች ባሌ የሽመና ቤት ሲወጣ የከረመ ሽታ ነው። የልጄ ቀሚስ ውስጥ፣ ጸጉሯ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ሳይቀር ገብቷል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መጥፎ ሽታ ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?" አለችኝ የሽማግሌው ሚስት። "እህል አልቀመስኩም" አልኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስሄድ አጥሩን አየሁት። ዋርሳዬ አጥቦ የጣለውን ቅጠል ከአጥሩ ሥር ከምሮታል፤ ክምሩ በወዲያ በኩል በበግ ጥርስ ተበልቷል።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የሚኖረው በመርሐቤቴ ቆላ፣ ሙቀቱ ማሽላ በሚያበቅልበት ወንዝ ዳር ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ መጣና ሲመለስ የወንድሙን በርኖስ ለብሶ ሄደ። "የሱ ሽታ አለበት፣ ናፍቆቴን ያስታግስልኛል" አለኝ። በርኖሱን ለልጄ ላስቀምጥ ፈልጌ ነበር፤ አፌን ይዤ ቀረሁ። ምክንያቱም እኛ ዘንድ ሴት ሞፈር አትይዝም። መሬት አለኝ፣ በሬ አለኝ፤ የሚያርስ ወንድ ግን የለኝም። ገብሴን የሚዘራልኝ እሱ ሆነ። የሚያርስልሽን ሰው ደግሞ በርኖስ መልስ አትይውም። ዘንድሮ መከር ሲያልቅ ጆንያ በአህያ ጭኖ መጥቶ "የሽመና ቤቱን ስጪኝ" ሲለኝም እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት።

"ቅጠል ላጥብበት።"

"ቆላ ውሃ አጥተህ ነው እዚህ ድረስ የምታመጣው?"

"ውሃማ ሞልቶ፤ ብርድ ነው ያጣሁት" አለና ሳቀ። ቁጭ ብሎ እንደ መምህር አስረዳኝ። "ውሃ ይሄን ነገር አይፈታውም እትዬ። ጨው ቢሆን ይሟሟ ነበር። ይሄ ግን ቅጠሉ ላይ እንደ አመዳይ ተረጭቶ ያለ ሙጫ ነው። ውሃው አጥንት የሚሰብር ሲሆን ሙጫው ይደርቅና ይረግፋል፣ ከዚያ ይዘቅጣል። በኛ ውሃ ብሞክረው ልጥፍጥፍ ብሎ ቀረ። እግዜር ለናንተ ይሄን ብርድ በከንቱ አልሰጣችሁም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይደርቃል። ከደረቀ አይሻግት፣ አይነቅዝ፤ እንዳለ ይቀመጣል። ለመድኃኒት ይሆናል። ፈረንጅ አገር በፋርማሲ ይሸጡታል።"

እኔ ሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፋርማሲ ሲባል ነጭ ጋዋን ነው የሚታየኝ። ታዲያ ለምን ጎረቤት ሲጠይቀው "የበግ ፀጉር ቀለም ነው የምዘፈዝፈው" ይላል ብዬ አሰብኩ፤ ግን መድኃኒት አዋቂ ሁሉ ሥራውን ይደብቃል አልኩ። የኛ አገር ደብተራስ ቅጠሉን መች ያሳያል።

ልጄን እንድታማስልለት ጠየቀኝ። ስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ዘግይታ ስለጀመረች ዕድሜዋ ገፍቷል። ማለዳ ማለዳ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ እንደተጋገረ፣ በበርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ በዘንግ ታማስላለች። ከዚያ በወንፊትና በጨርቅ ያጠሉታል። ጣቶቿ አብጠው ተሰነጣጠቁ። አንድ ጠዋት ከደጅ ሆኜ ሰማኋት።

"አጎቴ፣ እጄ ቀዘቀዘ።"

"የመንዝ ልጅ ብርድ ትፈራለች? ወንዶቹ ቢሰሙ ማን ያገባሻል? አማስይ።"

ይሄንን ቃል ውጬዋለሁ። ሳልፈጨው ነው የዋጥኩት።

እንግዲህ የበጉ አንጎል ንጹሕ የሆነ ዕለት ከሰዓት በኋላ ገባሁበት። በርኖሱን ምሶሶ ላይ ሰቅሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከበርሜሉ ሥር የዘቀጠውን ቡናማ ዝቃጭ በጨርቅ ላይ እየዘረጋ ነበር።

"የጎረቤቴን ሙክት ምን አበላኸው?" አልኩት።

"እኔ በግ አበላለሁ እንዴ? ራሱ በልቶ ይሆናል።"

"ውሃው ሁሉን ወስዶታል፣ የቀረው ገለባ ነው አላልከኝም? ለበጎችሽ ስጪ አላልክም?"

"ትንሽ ቀርቶበት ይሆናላ። በጉ እኮ ደስ ብሎት ነው የሞተው።" ሳቀ።

"ይሄ ነገር ሐሺሽ ነው?"

ያን ጊዜ ሳቁን አቆመ። ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠና እጁን ጠረገ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

"እትዬ፣ ቤቱ የማን ነው?"

ወደ በሩ ዞርኩ፤ እሱ ቀጠለ።

"በርሜሉ ከማን ደጅ ወጣ? ሲያማስል የከረመው የማን እጅ ነው? እኔ የቆላ ሰው ነኝ፣ መጥቼ እሄዳለሁ። አንቺ አፍሽን ብትከፍቺ ወንድሜ ቤት ሄጄ የእናትና ልጅ ሥራ አየሁ እላለሁ። ልጅሽ ደግሞ ዕድሜዋ ለእስር ይደርሳል። የገበያ ቀን መኪና ይመጣል፣ እጭናለሁ፣ አለቀ። ለግንቦት መጥቼ አርስልሻለሁ።"

ወጣሁ። ደጁ ላይ ልጄ መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። በዚያ የተሰነጠቀ ጣቷ መስመሩን እየተከተለች ታነባለች። ሳያት ከብረት በር ወዲያ ያለች መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና ከሩቅ ሲያጓራ ልጄን ጓዳ አስገባታለሁ፤ ውሻ ሲጮህ ልብሷን እቋጥራለሁ፣ ሲያቆም እፈታለሁ። ጸጉሯን ሁለቴ በእንዶድ አጠብኩት። አልለቀቀም።

ፍርሃቱ ብቻውን ቢሆን ልጄን ይዤ በሸሸሁ ነበር። ግን ሌላ ነገር ከሥር ዘቅጦብኛል። ምሳውን አቀርብለታለሁ፣ እሱ ይጎርሳል፣ እኔ ጉሮሮውን አያለሁ። የባሌ ቤት ነው። ባሌ እዚያ ቤት ቁጭ ብሎ ስንቱን የበግ ፀጉር ባና ሸምኖ ስንቱን ሰው ከብርድ አድኗል፤ እዚያው ቤት ወንድሙ የወንድሙን ልጅ በብርድ ያቃጥላል፣ ከዚያ ለእስር ያዘጋጃታል። ቤቱን ላቃጥለው አሰብኩ። በርሜሉን ልደፋ አሰብኩ፤ ግን ብደፋው እሱ ባዶ እጁን ይሄዳል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እኔ እንዲያዝ ነበር የምፈልገው። እጁ እዚያ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ሰው እያየው።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ለሕግ ተናገሪ ልጄ" አሉኝ።

"አባ፣ ሕግ ሲመጣ የሚያየው የኔን ቤት ነው። እሱ የወንድሙን ሚስት አጋለጥኩ ይላል።"

"እንግዲያው ብቻሽን አትናገሪ። ብዙ ዓይን ይመስክርልሽ። ሰው ያየውን ነገር አንድ ቀጣፊ አይገለብጠውም።"

"ደግሞ ሌላም አለ አባ። ልበቀለው እፈልጋለሁ። ሲዋረድ ማየት እፈልጋለሁ።"

መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አገላበጡ። "እሱን ተይው፣ ለእግዚአብሔር ስጪው።"

"እሰጠው ይሆናል። መጀመሪያ ግን ልየው።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከመስቀሉ በስተኋላ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ብዙ ዓይን ያሉትን ይዤ ወደ ሽማግሌው ሚስት ሄድኩ። ደጇ ላይ የበግ ፀጉር እየፈተለች ነበር። በኛ አገር የበጉ ፀጉር ከተሸለተ በኋላ ታጥቦ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ ነው ለባና የሚደርሰው፤ እጥበቱንም ሴቶች በወንፈል ተራ በተራ ለየቤቱ እንሠራዋለን። ነገሩን ስነግራት እንዝርቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"እና ሙክታችንን የገደለው አዙሪት ሳይሆን ዋርሳሽ ነው?"

"እሱ ነው።"

"እኔ ደግሞ አስር ጊዜ ባሌን ዓይንዎ ደክሟል ስላቸው ከረምኩ።" ትንሽ አሰበች። "ያ ሰውዬ ምን እሠራለሁ ነው የሚለው? የፀጉር ቀለም እዘፈዝፋለሁ አይደል?"

"እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ታዲያ ፀጉር እናምጣለት። ባለሙያ ቀላሚ አገራችን መጥቶ እንዴት ዝም እንለዋለን?"

ሁለታችንም አልሳቅንም። ሥራ ነበረብን።

መኪናው ይመጣል ከተባለበት የገበያ ቀን ዋዜማ፣ ፀሐይ አመዳዩን ገና ማቅለጥ ስትጀምር፣ ሴቶቹ መጡ። እያንዳንዳቸው የታሰረ ፀጉር በጀርባቸው አዝለዋል። ምክንያቱን ያወቀችው አንዷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ እውነት ቀለም ሊያስነክሩ ነው የመጡት። ሽማግሌው ከኋላ በትራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይከተላሉ። ልጄን ያን ዕለት "አሞኛል በይ" ብዬ አስቀርቻታለሁ፤ ስለዚህ የሚያማስለው እሱ ራሱ ነበር።

በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ክንዱ እስከ ክርኑ በርሜል ውስጥ ነው። ቅጠሉ በውሃው ላይ ተንሳፍፏል፣ ጨርቁ ላይ ዝቃጩ ተዘርግቷል፣ የቀረው ጆንያ ግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ሴቶቹ ከኔ ኋላ ተግተልትለው ገቡ።

"እንደምን አደርክ የኔ ጌታ" አለች የሽማግሌው ሚስት። "ቀለም ልናስነክር መጣን።"

"ምን... ዛሬ አይሆንም። ውጡ፣ ቀለሙ አልደረሰም።"

"ይደርሳል፣ እንጠብቃለን። የኔ ጥቁር እንዲሆንልኝ ነው። ይቺ ደግሞ ቀይ ትፈልጋለች።"

"ኧረ እኔ ቡናማ ነው ያልኩት" አለች ሌላዋ ከልቧ። ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ያዘች። "ይሄ ምን ሽታ ነው? ይሄን የለበሰ ባል እንኳን ሚስት ውሻ አይጠጋውም።"

"ቀለም አይደለም" አልኩ። "የአደንዛዥ ቅጠል ነው። ከቆላ ያመጣው እሱ ነው፣ የሚያጥበው እሱ ነው። እጁን እዩት። ሁላችሁም እዩት።"

እጁን ከውሃው አወጣ። ቀይ ሆኖ ያንጠባጥባል። ሽማግሌው በሩ ላይ ደርሰው ከጆንያው ቅጠል ጥቂት በዱላቸው ጫፍ ዘረገፉ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

"ከሙክቴ ሆድ የወጣው ይሄ ነው" አሉ። "አንጎሉ ደኅና ነበር አላልኩሽም?"

"ብለውኛል" አለች ሚስታቸው። "ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ቤት ስንገባ።"

እሱ ያን ጊዜ ወደኔ ዞረ። "የሷ ነው" አለ። "ቤቱ የሷ አይደለም? እኔ ልረዳት ነው የመጣሁ።"

የሽማግሌው ሚስት የፀጉር እስሯን ከጀርባዋ አውርዳ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። "ቀለም ነው ያልከን አንተ ነህ። ከመከር ጀምሮ በየመንገዱ የነገርከን አንተ ነህ። እሷ አንድ ቀን ቀለም ብላ አታውቅም።" ከዚያ ሴቶቹን እየገፋች አስወጣች፣ እኔ መጨረሻ ወጣሁና በሩን ዘግቼ መቀርቀሪያውን ከውጭ ጣልኩት።

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከሴቶቹ አንዷ ወደ ቀበሌ ሮጠች። ሚሊሻዎቹ እስኪመጡ ድረስ እዚያው ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆየሁ። የሽመና ቤቱ መስኮት የለውም። መጀመሪያ ዛተ፣ ቀጥሎ ለመነ።

"እትዬ፣ በወንድሜ አጥንት ልለምንሽ።"

"የትኛው ወንድምህ? በርኖሱን የወሰድክበት?"

"ክፈቺልኝ። እጄ ቀዝቅዟል፣ ጣቴ አይታጠፍልኝም።"

"የወንዝ ዳር ሰው ብርድ ይፈራል?" አልኩት። "ቆላ ቢሰሙ ማን ሚስት ይሰጥሃል? አማስል።"

ይሄን ስለው የተሰማኝን አልደብቅም። ጣፈጠኝ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ዙሪያዬን ዘርግተው መፍተል ጀምረው ነበር፤ እንዝርቱ ሲሾር፣ እሱ በሩን ሲደበድብ፣ ፀሐይዋ ስትሞቅ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጠዋት አላሳለፍኩም።

ሚሊሻዎቹ መጡ፤ ከነበርሜሉ፣ ከነጆንያው ወሰዱት። እኛም ተከትለን ሄድን። ጣቢያው ውስጥ ፖሊሱ ቃሌን ሲቀበል ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጥኩት። "ልጅሽ ሠርታለች ይላል" ሲለኝ አልዋሸሁም። "አማስላለች፤ መድኃኒት ነው ብሎን ነው፣ እኔው ነኝ የፈቀድኩ" አልኩት። ሴቶቹ ተራ በተራ ገብተው ያዩትን ተናገሩ፣ ሽማግሌውም ስለ በጉ አንጎል ሳይቸኩሉ አስረዱ። ልጄም ቃሏን ሰጠች። ጣቷን ሲያይ ፖሊሱ ብዕሩን አስቀምጦ "ይሄ ምንድነው?" አላት። "ብርድ ነው" አለችው። ሌላ አልጠየቃትም። ቢሆንም "እንጠራችኋለን" ነው የተባልነው፤ ያ ቃል እስኪፈታ ድረስ እህል አልጣመኝም።

በመሐሉ ከቆላ ሽማግሌዎች መጡብኝ፤ የዋርሳዬ ወገኖች ናቸው። ደጄ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ።

"ቃልሽን አለስልሺ። ተሳስቼ ነው በይ። ወንድምሽ ነው።"

"ወንድሜስ እኔን ሊያስር አልነበረም?"

"በቁጣ ነው የተናገረው። ማን ያርስልሻል? አስቢበት እንጂ። ሴት ብቻዋን..."

"መሬቱ ጦም ይደር" አልኳቸው። "እናንተን አከብራለሁ፣ ግቡና እህል ቅመሱ። እሱን ግን አልምረውም። ንስሐ ስገባ ለአባቴ የምናገረው ይሄንኑ ነው።"

ከመካከላቸው አንዱ ሲሄድ ዞር ብሎ "መኪናው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አላውቅም። ግን በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው ሞላሌ ገበያ ላይ ቤቴን ሲጠይቅ እንደዋለ ሰማሁ። ያኔ መሬቱን በእኩል እንዲያሳርሱት ለሽማግሌው ሰጥቼ፣ በጎቹን ለሚስታቸው አደራ ሰጥቼ ለመሄድ ቆረጥኩ። "በጎችሽ ቢዞርባቸው መጀመሪያ ሆዳቸውን አያለሁ" አለችኝ፤ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች።

ከመሄዳችን በፊት ጣቢያው ጠራን። ፖሊሱ ክሱ በሱ ላይ ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ እኔና ልጄ ምስክር ነን። "የልጄ ስም የለበትም?" ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁት። "ከምስክሮቹ ጋር ነው ያለው፣ እናቴ" አለኝ። ስወጣ ዋርሳዬን በግቢው ውስጥ እጁ ታስሮ ሲያልፍ አየሁት። በርኖሱ የለም፤ ስስ ሸሚዝ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብሎ አየኝ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው። አላዘንኩለትም። እስኪያልፍ ድረስ ቆሜ አየሁት።

አሁን ዘመሮ ነን፣ እህቴ ቤት። ከተማ ስለሆነ ደጁ ሰው አያጣም፣ ፖሊስ ጣቢያውም ቅርብ ነው። የመጣን ዕለት እህቴ እግራችንን በሞቀ ውሃ አጠበችን፣ የልጄን ጣቶች ለጋ ቅቤ ቀባቻቸው። ልጄ ዛሬ እዚሁ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። መኪና አጓርቶ ሲያልፍ ጓዳ አላስገባኋትም፤ እሷም ከመጽሐፏ ቀና አላለችም። ልጄ ከኔ ጋር ናት። እሱ እስር ቤት ነው። እኛ ደርሰናል፣ ደኅና ነን።